ካሳሁን ጨውበዛና የቲቸር በለጠች ባሕር

ቲቸር በለጠች የሱቁን በር ገፍተው ሲገቡ ካሳሁን ከተቀመጠበት በርጩማ ብድግ አለ። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ከደብረ ታቦር መናኸሪያ ጀርባ የአሉሚኒየምና የመስታወት ሥራ ሱቅ ያለው፣ የከተማውን ግማሽ ካፌ በርና መስኮት የገጠመ የተከበረ ሰው ነው። ያም ሆኖ ብድግ አለ። ብድግ ማለቱ ሳያንስ እጁን ወደ ኋላ አጣመረ።

«ተቀመጥ» አሉት።

ተቀመጠ። በገዛ ሱቁ፣ በገዛ በርጩማው ላይ ተፈቅዶለት መቀመጡን ያስተዋለው ከተቀመጠ በኋላ ነው።

«የመስታወት ሳጥን እፈልጋለሁ» አሉ። «ርዝመቱ ሁለት ሜትር፣ ስፋቱ ሰባ፣ ከፍታው ሰባ። ክዳን አያስፈልገውም።»

ካሳሁን ልኩን በሐሳቡ አስተኛው። ሁለት ሜትር በሰባ ላይ ምን ዓይነት ነገር ሊተኛ እንደሚችል ሲገባው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እግዜር ያጥናዎ ቲቸር። ማን ነው?»

«ማን ነው ማለት?»

«ያረፈው።»

«ማንም አላረፈም። ለዓሣ ነው።»

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ቲቸር በለጠች ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደወጡ የተመደቡት አሰብ ነበር፤ ሁለት ዓመት አስተማሩ። ከሰዓት በኋላ የተማሪ ደብተር እያረሙ እግራቸውን ባሕር ውስጥ ይነክሩ ነበር ይባላል። ከዚያ ወደ ደብረ ታቦር ተዛወሩ፤ በዚህ ብርድ ሠላሳ ዓመት ኬሚስትሪ አስተማሩ። አምና ጡረታ ሲወጡ ትምህርት ቤቱ አንድ ጋቢና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሸለማቸው። ጋቢውን ለባላቸው ለጋሽ ሞገስ ሰጡ፤ ሰዓቱን ገልብጠው ቁም ሳጥን ውስጥ ከተቱት። ሰው ሁሉ ከእንግዲህ ማኅበር እየጠጡ ያርፋሉ ብሎ ሲጠብቅ፣ እሳቸው አዲስ አበባ ካለ የባሕር ዓሣ አስመጪ ጋር ስልክ ተደዋውለው ቴሌቪዥን የምታክል ገንዳ ቡፌው ላይ አስቀመጡ። ጨው በከረጢት እያስመጡ በጥብጠው፣ ድንጋይና ኮራል አስገብተው፣ ዓሣዎቹን ባገለገሏቸው አለቆች ስም ጠሩዋቸው። ከመጠለያው ብቅ ብሎ ሰው ነክሶ የሚገባው ባለ ነጭ መቀነቱ ብርቱካናማ ዓሣ «ዳይሬክተሩ» ነው። ቀኑን ሙሉ ሲዞር የሚውለውና ምንም የማይሠራው ቢጫው «ሱፐርቫይዘሩ» ነው።

«አሁን ጠበባቸው» አሉ ለካሳሁን። «ሱፐርቫይዘሩ አድጎ ሌሎቹን እየደበደበ ነው። ኮራሎቹም እርስ በርስ እየተነዳደፉ ነው።»

«ድንጋይ ነው እንዴ የሚናደፈው?»

«ድንጋይ አይደለም፤ እንስሳ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ላይ አለ።»

ካሳሁን አንገቱን ደፋ። «ዓሣ ከሆነማ ቲቸር፣ ጣና እዚህ አጠገባችን አይደል?»

«የጣና ዓሣ የሚበላ ነው። ይሄ የሚታይ ነው። ትሠራዋለህ ወይስ ባሕር ዳር ልሂድ?»

እዚህ ላይ ካሳሁን «አልሠራም» ማለት ይችል ነበር። እንዲያውም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲመኘው የነበረ አጋጣሚ ነው። አፉ ግን ከድሮም የሚታዘዘው ለእሱ ሳይሆን ለሳቸው ነበርና «እሺ ቲቸር» አለ።

ምክንያቱን ለማወቅ ወደ ሰማንያ ዘጠኝ ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። ካሳሁን ያኔ ከገሳይ መጥቶ አክስቱ ቤት ተቀምጦ አሥረኛ ክፍል ይማራል። በኬሚስትሪ ፈተና ላይ ቲቸር በለጠች፣ ጨው ማሟሟት እስከሚያቅተው ድረስ በጠገበ ውኃ ላይ ሌላ ጨው ቢጨመር ምን እንደሚሆን ጠየቁ። መልሱን አያውቀውም፤ ባዶ ወረቀት ሰጥቶ መውጣት ደግሞ ነውር መሰለው። ስለዚህ እናቱ ብትሆን የምትለውን ጻፈ፦ «ጨው ከበዛ ወጡ አይበላም፤ ማን እንደጨመረውም ይጠየቃል።»

ቲቸር ወረቀቱን ስልሳ ስምንት ተማሪ ፊት አነበቡት። መጀመሪያ የሳቁትም እሳቸው ናቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የካሳሁን የአባት ስም ጠፋ፤ «ካሳሁን ጨውበዛ» ሆኖ ቀረ። ሚስቱ እንኳ ሲያጫት ጨውበዛ የጎሣ ስም መስሏት ነበር።

ትምህርቴን ያቋረጥኩት በዚያ ምክንያት ነው ይላል። ሁለት ቢራ ሲቀምስ በተለይ ይላል። እውነቱን ለመናገር ግን ሒሳብንም፣ ፊዚክስንም፣ እንግሊዝኛንም ወድቆ ነበር፤ ያለፈው በስፖርት ብቻ ነው፤ እሱንም የስፖርት መምህሩ የአክስቱ ባል ስለሆኑ።

በሥራው ላይ የመጀመሪያው ጭቅጭቅ የተነሣው በቦታው ነው። ቲቸር «እቤት መጥተህ፣ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ግጠመው» አሉ። ትክክል ነበሩ። ማንም ባለሙያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ካሳሁን ግን ጎንበስ ብሎ ሲሠራ ቲቸር ከጀርባው ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ቆመው ታዩት፤ ላብ አጠመቀው።

«እንዲህ ያለ ሥራ ከሱቅ አይወጣም ቲቸር። መሣሪያው ሁሉ እዚህ ነው» ብሎ ዋሸ።

«ታዲያ እንዴት ሊሄድ ነው?»

«እሱን ለኔ ተዉት።»

እሳቸውም ተዉለት፤ ግን በየቀኑ ሱቁ እየመጡ ቆሙበት። አሥራ ሁለት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መስታወት ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ተጭኖ ሲደርስ፣ ጠርዙን በጣታቸው እየዳሰሱ አንዱን መለሱበት። ማጣበቂያ ሲሊኮኑን ሲያሳያቸው ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ።

«ይሄ ምን ይሸታል?»

«ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል ቲቸር። ያኛው አይሸትም፤ ሻጋታም አያስይዝም፤ ለመታጠቢያ ቤት የምጠቀመው እሱን ነው።»

«የሚሸተው ይሁን። ያኛው መድኃኒት አለበት። ሻጋታ የሚገድል ነገር ዳይሬክተሬንም ይገድልብኛል።»

መስኮት ሊያስለካ የመጣ አንድ የወረዳ ሠራተኛ ይህን ሰምቶ ሳያስለካ ወጣ።

ካሳሁን መስታወቶቹን አቆመ፤ ጠርዝ ለጠርዝ ገጠመ፤ በፕላስተር ወጥሮ አሰረ፤ መጋጠሚያውን በሲሊኮን ሞላ። ሦስቱ ማዕዘኖች እንደ ሙሽራ ጥፍር አማሩ። አራተኛው ላይ ግማሽ እንደደረሰ ሲሊኮኑ አለቀበት። ሌላ ለማምጣት ጎረቤት ሱቅ ሄደ፤ ባለሱቁ ምሳ ወጥቶ ነበር፤ ሲመለስ የመጀመሪያው ግማሽ ላዩ ደርቆ ቆዳ አውጥቷል። ደረቅ ሲሊኮን ላይ እርጥብ ሲሊኮን አይይዝም። ይህን ካሳሁን ከማንም በላይ ያውቃል። መፋቅና እንደገና መጀመር ነበረበት። ግን ሰኔ ሊገባ ነው፣ ሌላ ሥራ ተከምሯል፣ ቲቸርም ነገ ይመጣሉ። በላዩ ላይ ቀባበት፤ በጣቱ አለሰለሰው፤ ከውጭ ሲታይ ምንም አይልም። «ይይዛል» አለ ለራሱ፤ ካለ በኋላም ያን ማዕዘን ወደ ግድግዳ አዞረው።

የሚወሰድበት ቀን ሲደርስ ወደ ቲቸር ቤት የሚወስደው መንገድ ለኮብልስቶን ተቆፍሮ አገኙት፤ መኪና አይገባም። ስለዚህ ስምንት ጠንካራ ሰዎች ተፈለጉ። መስታወቱ እንዳይጫርና የሰውን ዓይን እንዳይወጋ በጨርቅ ነገር መሸፈን ነበረበት፤ ጋሽ ሞገስ የጡረታውን ጋቢ ላኩ። ስምንቱ ሰዎች ሁለት ሜትር በሰባ የሆነ ሳጥን በነጭ ጋቢ ሸፍነው፣ እግር እንዳያደናቅፋቸው ቀስ ብለው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ወደ ኢየሱስ የሚወጣውን ዳገት ተያያዙት። ካሳሁን ከፊት ከፊት እየሄደ በሐዘን ፊት «ቀስ፣ ቀስ» ይላል።

መጀመሪያ አንድ ባጃጅ ቆመ፤ ሾፌሩ ወርዶ ኮፍያውን አወለቀ። ቀጥሎ ሁለት ፖሊሶች ተጠግተው ሰላምታ ሰጡ። እሜቴ ፈንታነሽ ከበራፋቸው ሆነው ሲያዩ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ወይኔ ልጄን!» ብለው ወጡ። እሜቴ ፈንታነሽ በሦስት ዕድር የታወቁ አልቃሽ ናቸው፤ ማን እንደሞተ አጣርተው አያውቁም፤ ሲደርሱ ይነገራቸዋል። ሰው ተከተላቸው። መሪጌታ አያሌው ከቤተ ክርስቲያን ሲወርዱ ሰልፉን አይተው መንገዳቸውን ለወጡና በለሆሳስ ይደግሙ ጀመር። ካሳሁን ዘወር ብሎ ሲያይ ኋላው ስልሳ ሰው አለ። ቀና ብሎ የቲቸርን አጥር ሲያይ ገና ሁለት መቶ ሜትር ይቀራል። አሁን «ዓሣ ነው» ቢል ሸክሙን ሳያወርዱ በድንጋይ የሚወግሩት መሰለው፤ ዝም ብሎ መራ።

ቲቸር በለጠች በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ጋሽ ሞገስ ከጎናቸው ናቸው። እሜቴ ፈንታነሽ ሁለቱንም በሕይወት ሲያዩ ለቅሷቸው መሃል ላይ ተሰበረ።

«በለጠች! አለሽ? ሞገስም አለ? ታዲያ ይሄ የማን ነው?»

«የዓሣ ቤት ነው እትዬ ፈንታነሽ።»

እሜቴ ፈንታነሽ ጋቢውን ገለጥ አድርገው አዩ። ባዶ መስታወት ነው። እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ካሳሁንን ከእግር እስከ ራሱ ገረመሙት። «አንተ ጨውበዛ! ለአባቴ እንኳ እንዲህ አላለቀስኩም!»

መሪጌታ አያሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በሉ እንግዲህ፤ ጸሎቱ አንዴ ወጥቷል፤ አይመለስም። ለዓሣዎቹ ይሁን» አሉ።

ስልሳ ሰው ደግሞ ዳገት ወጥቶ ባዶውን አይሸኝም። ቲቸር የቤት ዳቦ አስቆረሱ፤ ጠላ ተቀዳ። ሳጥኑ በበር አልገባም፤ ካሳሁን የሳሎኑን መስኮት ነቀለና በዚያ አስገቡት። ሳሎኑ አስቀድሞ ባዶ ሆኗል፤ ሶፋው መኝታ ቤት ገብቷል፤ ትንሿ ገንዳ ከነዓሣዋ ኩሽና ተዛውራለች፤ ቡፌው ውጭ ላስቲክ ለብሶ ቆሟል። የተበየደው የብረት መቆሚያ አዲስ በተለሰነ ሲሚንቶ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ስምንቱ ሰዎች ሳጥኑን አሳረፉበት። ካሳሁን ያን አራተኛ ማዕዘን ወደ ግድግዳው ለማዞር ሞከረ፤ ቲቸር ግን «መጋጠሚያው ሁሉ እንዲታየኝ ፈቀቅ አድርጉት» አሉ።

ጨው ሳይገባበት በፊት በተራ ውኃ መሞከር አለበት። ጎማ ከቧንቧ ተሳበ። ሰው ጠላውን እንደያዘ ክብ ሠርቶ ተቀመጠ፤ ውኃው ከፍ ሲል «አሁን ጉልበት ደረሰ፣ አሁን ወገብ ደረሰ» ይላል። ካሳሁን ማዕዘኑን ላለማየት ጣራውን ያያል። ሁለት ሦስተኛው እንደሞላ ጋሽ ሞገስ «ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

ጠብታ ነው። አንዲት ጠብታ አራተኛው ማዕዘን ላይ ወጥታ፣ አሰብ አድርጋ፣ ወረደች። ቀጥላ እህቷ መጣች።

ቲቸር በለጠች ከሹራባቸው ኪስ ቀይ እስክሪብቶ አወጡና ጠብታዋ በወጣችበት ቦታ፣ መስታወቱ ላይ ክብ ሠሩ። ክቡ አልቀላም፤ እስክሪብቶው መስታወት ላይ አይጽፍም፤ ካሳሁን ግን አየው። ከዚያ ጎንበስ ብለው አስተዋሉ።

«ይሄ ሁለት ጊዜ የተቀባ ነው። መሃል ላይ አቁመሃል።»

እውነት ነው። «አዎ፣ አጥፍቻለሁ» ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን የተያዘ ሰው ያለውን ድንጋይ ነው የሚወረውረው፤ ካሳሁን ያለው ድንጋይ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር።

«አንቱ ነዎት ያጠፉኝ!» አለ። ድምፁ ከጠበቀው በላይ ወጣ። «ስልሳ ስምንት ሰው ፊት አንብበው ሳቁብኝ! ይሄው እስካሁን ጨውበዛ እባላለሁ! ልጄ ትምህርት ቤት ምን ተብሎ እንደሚጠራ ያውቃሉ? ትንሹ ጨውበዛ!»

ጠላ የያዘው ሰው ሁሉ ብርጭቆውን ዝቅ አደረገ። ከዳቦና ከጠላ በላይ እንዲህ ያለ ነገር ይኖራል ብሎ የመጣ አልነበረም።

ቲቸር በለጠች መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ፊቱን መረመሩ። ረጅም ጊዜ መረመሩ።

«አላስታውስህም» አሉ።

«እንዴት አያስታውሱኝም?»

«ስንት ሺህ ልጅ ነው ያስተማርኩት? የማስታውሰው ከዘጠና በላይ ያመጡትንና ላቦራቶሪውን ያቃጠሉትን ነው። አንተ ከሁለቱም አይደለህም።»

ካሳሁን በነቀለው መስኮት ዘሎ ወጥቶ ሄደ። በሩ ክፍት እንደነበር ያስታወሰው መንገድ ላይ ነው።

ሦስት ቀን አልተመለሰም። ሱቁ ሆኖ መስኮት ይቆርጣል፤ በልቡ ግን ከቲቸር ጋር ይሟገታል። ያቃጠለው ደግሞ መሰደቡ ቢሆን ጥሩ ነበር። ያንን ሁሉ ዓመት ተሸክሟቸው ሲዞር እሳቸው አንድም ቀን አልተሸከሙትም። እንዲህ ያለ ኪሳራ የለም። ይባስ ብሎ አንጀቱን የሚበላው ነገር ሌላ ሆኖ አገኘው፤ ጠብታዋ። ምሳ ሲበላ ጠብታዋ ትታየዋለች። ከጉና ተራራ በኩል ዝናብ መጥቶ የሱቁ ጣራ ሲንጠባጠብ ያቺ ትታየዋለች። የሻይ ቤት ሰዎች «ጨውበዛ፣ ባሕሩ ደረቀ?» ይሉታል፤ ባሕሩን የሠራው እሱ መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል።

በአራተኛው ቀን ጋሽ ሞገስ መጡ። ጋሽ ሞገስ ግብርና ቢሮ በድንች ዘር ባለሙያነት አርጅተው ጡረታ የወጡ ለስላሳ ሰው ናቸው። ገብተው ሳይቀመጡ፣

«አንተ ልጅ፣ አንድም ጨርሰው፣ አንድም ስበረው» አሉ። «ቡፌዬ ዝናብ እየመታው ነው። አልጋዬ አጠገብ ሶፋ አለ፤ ለመተኛት ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ሶፋ መሻገር አለብኝ። መስኮት የለንም። በመስኮቱ ቦታ የጡረታ ጋቢዬ ተሰቅሏል።»

«እሳቸው ይምጡና ይጠይቁኝ።»

«እሷ? እሷ ሠላሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ መቼ ጠይቃኝ ታውቃለች? ደግሞ ዝም ብላለች። ዝም ስትል ታውቃታለህ?»

ካሳሁን አያውቅም፤ ዝም ሲሉ ሰምቷቸው አያውቅም። አሳሰበው። መስኮቱ ያለመመለሱ ደግሞ አሳፈረው፤ ይህን ብርድ ያውቀዋል። ምላጩንና ሲሊኮኑን በከረጢት ይዞ፣ በዚህ ጊዜ አንድ ሳይሆን ስድስት ሲሊኮን ይዞ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ሄደ።

ቲቸር በር ከፈቱለት፤ «ግባ» አሉት። ሌላ ነገር አልተባለም። መስኮቱን መጀመሪያ ገጠመ። ከዚያ ውኃው የወጣለት ገንዳ ውስጥ ገብቶ ተንበረከከ። አራተኛውን ማዕዘን ብቻ ቢፍቅ ይበቃው ነበር፤ ወይም ይበቃዋል ብሎ ለሰው መናገር ይችል ነበር። አራቱንም ፋቀ፤ የወለሉንም ፋቀ። ሁለት ቀን ፈጀበት። ምላጭ እንደ ከረሜላ ወረቀት ተከመረ። ቲቸር በርጩማ ስበው ከመስታወቱ ውጭ ተቀምጠው አምፖል ያዙለት። ከውስጥ ሆኖ ሲያያቸው እሱ ዓሣው፣ እሳቸው ተመልካቹ ሆኑ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ምላጩ ብቻ እየጮኸ ሳለ፣ ድንገት፣

«ምን ብለህ ነበር የጻፍከው?» አሉ።

ነገራቸው። ከንፈራቸው ጥግ ላይ የሆነ ነገር ተንቀጠቀጠ፤ ያዙት።

«ተዉ፣ ይሳቁ» አለ ካሳሁን።

«አልሳቅሁም። በየዓመቱ አንድ መልስ አነብ ነበር። ከምሳ በኋላ ክፍሉ ስለሚተኛ፣ እንዲነቃ።»

«ነቅቷል።»

አምፖሉን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «የሁሉም ልጅ ስም ተቀየረ?»

«የሌሎቹን አላውቅም። የኔ ተቀይሯል።»

ቲቸር ወደ መስኮቱ አዩ። ውጭ የጋሽ ሞገስ የድንች መደብ በጭጋግ ተውጧል። «መጥፎ ልማድ ነበር» አሉ። «ማንም እንዲህ ነው ብሎ ነግሮኝ አያውቅም። ማን ይነግረኛል? ሁላችሁም ብድግ ነው የምትሉት።» ፊታቸውን መለሱና፣ «ስንት ሰጠሁህ?»

«ዜሮ።»

«ግማሽ ይገባህ ነበር። ከሁለት።»

ካሳሁን ምላጩን አቁሞ አያቸው። እየቀለዱ መስሎት ነበር። አልቀለዱም፤ በቁም ነገር አርመው ነው የሰጡት። ያን ግማሽ ምን እንደሚያደርግበት ባያውቅም ተቀበለ። «እሺ ቲቸር» አለና መፋቁን ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «አራተኛው ላይ ሲሊኮን አልቆብኝ ነው። አውቄ ነው የደበቅሁት» አለ።

«አውቃለሁ» አሉ።

ሲሊኮኑን ሲቀባ አላቆመም። ምሳ ቀርቦ ቀዝቅዞ ተነሣ። አንዴ ቲቸር «እስቲ እኔም ልሞክር» ብለው አንድ ክንድ ያህል ቀቡ፤ የሳቸው እንደ አባጨጓሬ እዚህ አብጦ እዚያ ከሳ፤ ግማሹ ፀጉራቸው ላይ ገባ። ካሳሁን ምንም ሳይል ፋቀው። ጋሽ ሞገስ ግን በሩ ላይ ቆመው እስኪደክማቸው ሳቁ፤ ቲቸርም ተቆጥተው ወደ ኩሽና ሄዱ፤ እስከ ማታ አልተመለሱም። መሳቅ ቀላል፣ መሳቂያ መሆን ከባድ መሆኑን ያን ቀን ማንም አላብራራላቸውም፤ ዘይት ይዘው ፀጉራቸውን ሲያላቅቁ ግን ብዙ ጊዜ ነበራቸው።

ከሳምንት በኋላ ውኃ ተሞላ። እሜቴ ፈንታነሽ ሳይቀሩ መጥተው አራቱንም ማዕዘን በነጠላቸው ጫፍ አበሱ፤ ደረቅ ነው። «ያዘ» አሉ፤ ትንሽ ቅር ያላቸውም መሰለ።

ከዚያ በኋላ ያለው የትዕግሥት ሥራ ነበር። ውኃው ወጥቶ ሌላ በጨው ተበጥብጦ ገባ፤ ማሞቂያው ተሰካ፤ ፓምፑ ማዕበል መምታት ጀመረ፤ አሸዋው ተነጠፈ፤ ድንጋዩ ተደረደረ። ቲቸር በየጠዋቱ በትንንሽ ብልቃጥ ውኃ እየቀዱ፣ ጠብታ እየጨመሩ፣ ቀለሙ ሲለወጥ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ዓሣና ኮራሉ ከነሐሴ በፊት አይዛወርም አሉ፤ አልተዛወረም። የትንሿ ገንዳ አሮጌ ውኃ ጓሮ በመደፋቱ የጋሽ ሞገስ ሁለት መደብ ድንች ደረቀ፤ የእሜቴ ፈንታነሽ በጎች ደግሞ ያን አፈር ለመላስ አጥር እየጣሱ ይመጡ ጀመር። ጋሽ ሞገስ በግብርና ባለሙያ ፊታቸው፣ «ሠላሳ ዓመት ለገበሬው ጨዋማ አፈር ምን እንደሚመስል በሥዕል ነው ያስተማርኩት፤ አሁን የራሴ ሠርቶ ማሳያ አለኝ» ይላሉ።

ካሳሁን «መጋጠሚያውን ልይ ብዬ ነው» እያለ ይመጣል። መጋጠሚያው መታየት አያስፈልገውም፤ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገረውም። መጥቶ መስታወቱ ፊት ይቀመጣል። ኮራሎቹ በገቡ በሦስተኛው ቀን፣ ድንጋይ የመሰለው ነገር ሁሉ አረንጓዴ ጣቶቹን ዘርግቶ ሲመገብ አየ። አፉን ከፍቶ አየ። «በሕይወት ያለ ነው እኮ!» አለ፤ ቲቸርም «ዘጠነኛ ክፍል» አሉ።

አንድ ቀን በረዶ ቆርቆሮውን እየቀጠቀጠ፣ ሰው ተጯጩሆ በሚነጋገርበት ሰዓት፣ ቲቸር አንዲት ቁራጭ ኮራል በማጣበቂያ ቀብተው ያዙ። ከታችኛው ድንጋይ ጥግ መለጠፍ አለባት። እጅጌያቸውን ሰብስበው ሞከሩ፤ በርጩማ ላይ ቆመው ሞከሩ፤ ሰባ ሳንቲ ሜትር ለሳቸው ክንድ ጥልቅ ነው።

«ካሳሁን፣ ና ያንተን ክንድ አምጣ። ታጠብ መጀመሪያ፤ ሳሙና እንዳይነካህ፣ በውኃ ብቻ።»

ሸሚዙን አወለቀ። ጉና ላይ የወረደው ብርድ በመስኮቱ ሥር እየገባ ብብቱን ነካው። ኮራሏን ተቀብሎ ክንዱን እስከ ትከሻው ከተተ።

ውኃው ሞቅ ያለ ነበር። የዋንዛዬ ፍል ውኃ እንደሚያቃጥለው አይደለም፤ የሰው ገላ ያህል ነው። ክንዱ ቀለለው፤ የሆነ ነገር ከሥር ወደ ላይ የሚገፋው መሰለው። ማዕበሉ በጣቶቹ መካከል ያልፋል። ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ ክርኑን አየና ሄደ። ፊቱ ውኃውን ነክቶ ኖሮ ከንፈሩን ሲልስ ጨው ጨው አለው። ከገሳይ እስከ ባሕር ዳር ካልሆነ የትም ሄዶ አያውቅም፤ አሁን ግን ትከሻው ድረስ ባሕር ውስጥ ነው። ለማንም ሊናገር አልፈለገም። ዓይኑን ጨፈነ።

ከድንጋዩ ጋር ማንም ሳያየው የመጣ አንድ ሸርጣን ያኔ ነው አውራ ጣቱን የያዘው።

ካሳሁን የተናገረውን ቃል እዚህ መጻፍ አይቻልም። በዚያ ቤት ውስጥ ተብሎ አያውቅም፤ በዚያ ድምፅ መጠን በከተማውም ተብሎ ያውቃል ማለት ያስቸግራል፤ በረዶው እንኳ ያቆመ መሰለ። ጋሽ ሞገስ ሻይ የያዘ አፋቸውን ይዘው ወደ ጓዳ ሮጡ።

ቲቸር በለጠች ግን ዓይናቸውን ከመስታወቱ አላነሡም።

«ኮራሏን ለቀቅካት?»

«አልለቀቅኳትም ቲቸር» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ጎበዝ። ትንሽ ወደ ግራ።»